ዛፍ የሚጽፈው ታሪክ

ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶውን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከመሐሉ ጀምሮ እስከ ቅርፊቱ ድረስ ክብ ክብ መስመሮች አሉበት። አንዱ ክብ ሌላውን ይከበዋል። እነዚህ ክቦች የዓመት ቀለበት ይባላሉ። ማንበብ ለሚችል ሰው የዛፉን ታሪክ ይነግሩታል። የዛፉን ብቻም አይደለም፤ በዛፉ አጠገብ የኖረውን ሰው ሥራም ይነግሩታል።

ቀለበቱ እንዴት ይሠራል?

ዛፍ የሚወፍረው ከቅርፊቱ ሥር ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ያገኛል፤ ቅጠል ያወጣል፤ በቅርፊቱ ሥር አዲስ እንጨት ይጨምራል። በጋው ሲጠና ማደጉን ያቆማል። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ ይደርባል። ስለዚህ ዝናብ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚዘንብበት አገር ብዙውን ጊዜ አንድ ቀለበት አንድ ዓመት ነው። መሐል ያለው የዛፉ የልጅነት ዘመን ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው የቅርቡ ነው።

ቀለበቶቹ ግን እኩል አይደሉም። ዝናቡ ጥሩ ከሆነ ቀለበቱ ሰፊ ይሆናል። ድርቅ ከሆነ ይጠባል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ዶክተር አስቴር ገብረኪርስቶስና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆ የሚበቅሉ ግራሮችን መርምረው ነበር። ጥናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ወጣ። ጠባቦቹ ቀለበቶች አገራችን ድርቅና ረኃብ ካየችባቸው ዓመታት ጋር ገጥመው ተገኙ። ሽማግሌዎች በቃል የሚያስታውሱትን ዛፉም በግንዱ ይዞት ነበር ማለት ነው።

ዛፉን ለማንበብ የግድ መጣል አያስፈልግም። ውስጡ ባዶ የሆነ ቀጭን መሰርሰሪያ አለ። በእጅ እያዞሩ እስከ ግንዱ መሐል ያስገቡታል። ሲያወጡት እንደ እርሳስ የቀጠነ እንጨት ይዞ ይወጣል። ቀለበቶቹ በዚያች እንጨት ላይ ይታያሉ።

የሰው እጅ በምን ይለያል?

ታዲያ ጠባቡን ቀለበት ድርቅ አመጣው ወይስ ሰው? ይሄ የሚታወቀው ብዙ ዛፎችን በማስተያየት ነው። ድርቅ የአገሩን ዛፍ ሁሉ ይነካል። ስለዚህ በዚያ ዓመት የሁሉም ቀለበት ይጠባል። ሰው ግን የሚነካው አንዱን ዛፍ ወይም አንዱን ቦታ ነው። ጎረቤቱ ዛፍ ደህና አድጎ ሳለ አንዱ ብቻ ከቀጨጨ፣ ምናልባት ቅርንጫፉ ለከብት መኖ ተመልምሎ ይሆናል። ቅጠሉ ሲያንስ ምግቡ ያንሳል፤ ቀለበቱም ይጠባል።

ተቃራኒውም አለ። በዙሪያው ያሉት ዛፎች ሲቆረጡ የተረፈው ዛፍ ብርሃንና ውሃ በብዛት ያገኛል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ቀለበቱ በድንገት ይሰፋል። ይህም ጎረቤቶቹ መቼ እንደወደቁ ይመሰክራል።

እሳትም ምልክቱን ይተዋል። እሳት ግንዱን በአንድ ጎን ሲለበልበው ጠባሳ ይቀራል። ዛፉ ካልሞተ በየዓመቱ አዲስ እንጨት እየጨመረ ጠባሳውን ይሸፍነዋል። ከጠባሳው እስከ ቅርፊቱ ያሉትን ቀለበቶች ብንቆጥር እሳቱ ከስንት ዓመት በፊት እንደነበረ እናውቃለን።

የእጣን ዛፍ ምስክርነት

በመተማ፣ በአበርገሌና በሌሎችም ቆላማ ቦታዎች የእጣን ዛፍ ይበቅላል። በበጋ ቅርፊቱን በስለት ትንሽ ትንሽ ይፍቁታል። ከቁስሉ ነጭ ፈሳሽ ይወጣል። ሲደርቅ እጣን ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ይታጠናል፤ ቡና ሲፈላ ይጨሳል፤ ወደ ውጭ አገርም ይሸጣል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ይተዳደራል።

ይህን ደን ከሩቅ የሚያይ ሰው ዛፉ ብዙ ስለሆነ ደህና ነው ይላል። ተመራማሪው ሞቱማ ቶለራና ባልደረቦቻቸው ግን ቀለበቱን ቆጠሩ። እያንዳንዱ ዛፍ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደበቀለ አወቁ። ልክ እንደ ልደት መዝገብ ነው። መዝገቡ ሲታይ ግን ከአንድ ዘመን በኋላ ባዶ ሆነ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በወጣው ጥናታቸው መሠረት፣ ባዩት ደን ውስጥ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አዲስ የእጣን ዛፍ አድጎ ለወግ አልበቃም።

እስቲ በከብት እናስበው። በበረቱ ሃምሳ ላም አለ እንበል። ሁሉም ላሞች አሮጊት ናቸው፤ ጥጃና ጊደር የለም። ዛሬ ወተት አለ። ነገ ግን ምን ይኖራል?

በ2019 ደግሞ ከዚህ የሰፋ ጥናት ወጣ። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን በሚገኙ 23 ቦታዎች 21,786 የእጣን ዛፎች ተቆጠሩ። የ202 ዛፎች ቀለበት ተነበበ። ከአራት ሦስት እጅ በሚበልጠው ቦታ ትንንሽ ዛፎች አልነበሩም። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የእጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተመራማሪዎቹ ገምተዋል።

ልጆቹን ምን በላቸው?

ዘሩ ጨርሶ መብቀል አቁሞ አይደለም። በክረምት ችግኝ ይወጣል። ከብት ይበላዋል፤ ይረግጠዋል። የተረፈውን በበጋ ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል። ሥሩ ስለማይሞት በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ያቆጠቁጣል። እንደገናም ይቃጠላል። እንዲህ እያለ ከሣሩ ሳይበልጥ ዓመታት ያልፋሉ። በዚያ ላይ ትልልቆቹ ዛፎች ያለ ዕረፍት ሲፋቁ ጉልበታቸው በቁስሉ ያልቃል። የሚሰጡትም ዘር ያንሳል።

ይህን የሚያደርግ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሣሩን የሚያቃጥለው ለከብቱ ለምለም ሣር እንዲበቅልለት ነው። ዛፉን አብዝቶ የሚፍቀውም ልጆቹን ሊያበላ ነው። ነገር ግን ጉዳቱ በአንድ ዓመት አይታይም። ትልልቁ ዛፍ ቆሟልና ደኑ ያለ ይመስላል። ቀለበት መቁጠር የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ዓይን ያላየውን ጉዳት አሳየ።

መድኃኒቱም ከዚሁ ይገኛል። ከደኑ ከፊሉን ከልሎ ችግኙ ከከብት አፍና ከእሳት እስኪያመልጥ ለዓመታት መጠበቅ ነው። እሳት እንዳይሻገር በዙሪያው ሣሩን ማጨድ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ የሚፋቀውን ቦታ መቀነስና ዛፉን በየተራ ማሳረፍ ነው። መሬት ይታረፋል አይደል? ዛፍም እንዲሁ ነው።

በሰፈራችሁ ጉቶ ብታገኙ

ገጹን በስለት አለስልሱት። ውሃ አርከፍክፉበት፤ ቀለበቱ ይጎላል። ከቅርፊቱ ጀምራችሁ ወደ መሐል ቁጠሩ። የጥድ ወይም የግራር ጉቶ ይሻላል። የባሕር ዛፍ ቀለበት ብዙ ጊዜ በደንብ አይለይም። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ደግሞ ዛፉ በዓመት ሁለት ቀለበት ሊያወጣ ይችላል፤ ቁጥሩን ከሽማግሌዎች ቃል ጋር አስተያዩት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ድርቅ ያጠበበው ቀለበት ሰው ካጠበበው በምን ይለያል?
2. ትልልቅ ዛፎች ብቻ ያሉበት ደን ለምን ያሰጋል?
3. በቀበሌያችሁ ባለው ደን ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ችግኝ አለ? ከሌለ ምን ያጠፋው ይመስላችኋል?