ሳሎን ውስጥ ሲኒማ ቤት

ልጄ አምስት ድምፅ ማጉያና አንድ የባስ ሳጥን ገዝቶ የኮንዶሚኒየም ሳሎናችንን ሲኒማ ቤት አደረገው። «5.1» የሚባለው ይኸው ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን በቴሌቪዥኑ ስፋት ይጨርሳል፤ ፊልሙን የሚያጣፍጠው ግን ድምፁ ነው። ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከመካከለኛው ማጉያ ስለሆነ ከስክሪኑ ሥር ወይም በላይ ሆኖ ወደ ጆሯችን መዞር አለበት። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ማስተጋባቱን ይቀንሳሉ።

ጣጣው ባሱ ነው። ንዝረቱ በኮንክሪቱ ወለል አልፎ ታች ቤት ይገባል። በሦስተኛው ምሽት ከታች ያለችው አራስ እናት መጥተው «ኧረ በእመብርሃን፣ ሕፃኑ እየባነነ አስቸገረን» አሉኝ። ሕግ ተምሬያለሁና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ትዝ አለኝ፤ ባለንብረት ጎረቤቱን ከመጠን ባለፈ ጩኸትና ንዝረት እንዳያውክ ይከለክላል። (ልጄ «መጠኑ ስንት ነው?» ብሎ ተከራከረኝ፤ ጠበቃ ሳይወጣው አይቀርም።) ሳጥኑን ከግድግዳው ጥግ አርቀን ወፍራም ስፖንጅ ላይ አስቀመጥነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ግን ባሱ ይጠፋል። ልጄ እስካሁን እንዳኮረፈ ነው።