ሥራ ለመፈለግም መጀመሪያ ሥራ መያዝ ያስፈልጋል እንዴ?

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራም። ስለ ትዳርም አላወራም። የማወራው ስለ ታክሲ ሂሳብ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ወሬ ሆነና!» የምትሉ ካላችሁ ደመወዝተኞች ናችሁ ማለት ነው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ የምጽፈው በማለዳ ፎልደሩን በብብቱ ሸጉጦ የታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚቆመው ወገኔ ነው። እሱ ገና ርዕሱን ሲያይ ገብቶታል።

ከመስከረም እስከ ግንቦት 2017 ዓ.ም ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። «ሥራ ፈት» የሚለኝ ካለ አልቀበለውም፤ በዕድሜዬ እንደዚያን ጊዜ ሮጬ አላውቅም! ትምህርቴ 12ኛ ክፍል ነው። ካሸርነትም ይሁን የሽያጭ ሥራ፣ የተገኘውን ለመሥራት ዝግጁ ነበርኩ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ወደ መሐል ሲወጣ «ከተማ ደርሼ ልምጣ» ነው የሚለው፤ ርቀቱን ከዚህ ገምቱ።

ማስታወቂያዎቹን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። «አመልካቾች የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ፣ እንዲሁም ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ በመያዝ በአካል ቀርባችሁ መመዝገብ የምትችሉ መሆኑን…» ጣጣው ያለው «በአካል» የምትለው ቃል ላይ ነው። ማስታወቂያው የሚመጣልን በቴሌግራም ነው። ገንዘብ የምንላላከው በቴሌብር ነው። አንድ ወረቀት ለማስረከብ ግን ሰውየው ራሱ መምጣት አለበት! አንዴ ለመመዝገብ፣ አንዴ ለጽሑፍ ፈተና፣ አንዴ ለኢንተርቪው። ለአንድ የሥራ ቦታ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው።

አንድ ቀን ሲኤምሲ አካባቢ ካለ ድርጅት ተጠራሁ። ከኮየ መገናኛ በታክሲ፣ ከመገናኛ ሲኤምሲ በባቡር። ባቡሩ ከታክሲው ይረክሳል፤ ግን ቆሞ መጠበቁ ሰዓት ይበላል። እንደምንም በሰዓቴ ደረስኩ። ላቤን በሶፍት ጠራርጌ፣ ጫማዬን አራግፌ በሩ ላይ ስቆም ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ለኢንተርቪው ነው የኔ ልጅ? ትናንት ሰው ተቀጥሮ አለቀ እኮ» አሉኝ። ትናንት! ታዲያ ዛሬ ጠዋት ማን ከቤቴ አስወጣኝ? «ስልክ ደውለሽ ነበር መምጣት» አሉ አዛውንቱ እያዘኑ። የደወሉልኝ እነሱ ነበሩ እኮ! አለቀ ብሎ ለመንገር ግን የሚደውል አልነበረም።

ይሄስ ይሁን። የባሰው የካቲት ላይ መጣ። አየር ጤና አካባቢ አንድ መደብር ካሸር ይፈልጋል፤ ደመወዝ «በስምምነት»። ከኮየ ሳሪስ አቦ፣ ከሳሪስ ጀሞ፣ ከጀሞ አየር ጤና፤ ደርሶ መልስ 120 ብር። ሦስት ሰዓት ተኩል ተሰልፌ ስገባ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ተባልኩ። ነገርኳቸው። ዋስ እንዳለኝ ጠየቁኝ፤ አለኝ አልኩ። ከዚያ ደመወዙ 4,500 ብር መሆኑ ተነገረኝ። «በስምምነት» ማለት ለካ እነሱ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ጨርሰዋል ማለት ነው። ደግሞ በ2017 ዓ.ም በግሉ ዘርፍ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል የደመወዝ ወለል ስላልነበረ ማንን ትከሳላችሁ?

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ደብተሬን አወጣሁ። ከ4,500 ብር ላይ የሥራ ግብር 597 ከ50፣ ጡረታ 7 በመቶ ማለትም 315 ብር ሲቀነስ እጄ የሚገባው 3,587 ከ50 ነው። (ሐምሌ 2017 ላይ ሕጉ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ እኔ ግን የማወራው የየካቲቱን ነው።) በወር 26 ቀን ብሠራ፣ በቀን 120 ብር፣ ትራንስፖርቱ 3,120 ብር ይሆናል። የሚተርፈኝ 467 ብር ከ50 ሳንቲም! ያውም ምሳ ሳልበላ። ጉድ በል ጎንደር! ይህንን ለማወቅ ነው እንግዲህ 120 ብር የከፈልኩት። «ሂሳብ!» ብሎ ረዳቱ ትከሻዬን ሲነካኝ «እሱን እየሠራሁ ነው» አልኩት። ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

ለመሆኑ ብሩ ከየት ይመጣ ነበር አትሉም? ከእህቴ። ፀጉር ቤት በኮሚሽን ነው የምትሠራው። ኢንተርቪው እንዳለኝ ስነግራት ምንም አትልም፤ ጠዋት ስነሳ ግን የስኳሩ ጣሳ ሥር 150 ብር አገኛለሁ። በእጄ ሰጥታኝ አታውቅም፤ እንዳልሸማቀቅ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ሁሉንም ደብተሬ ላይ እመዘግባለሁ። የካቲትን ብቻ ብታዩ 8 ጊዜ ወጥቼ ለትራንስፖርት 910 ብር፣ ፎቶ ኮፒውና ጉርድ ፎቶው፣ የጫማ ማስጠረጊያው ሲጨመር 1,340 ብር።

ሚያዝያ ላይ አንድ ሐሙስ ማታ ስልክ ተደወለ፤ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ለኢንተርቪው ቅረቢ» የሚል። እሺ አልኩ። በዚያው ምሽት ግን እህቴ በረንዳ ላይ ቆማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከአሠሪዋ ብር በቅድሚያ ስትለምን ሰምቻለሁ። የቤት ኪራይ ደርሷል። ስለዚህ ለእህቴ አልነገርኳትም። አርብ ጠዋት እሷ ስትወጣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ የተኛሁ መሰልኩ። አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ዝም ብዬ አየሁት። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

ማታ ነገሩ ወጣ። እህቴ ደብተሬን አልጋው ላይ አግኝታ «የእህቴ ዕዳ» ብዬ የደመርኩትን ታነባለች። ስለ አርቡም አፍረጠረጥኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብር እንደሌለሽ ሰምቻለሁ።»

«ብር የሌለኝ እኔ! አንቺ ምን አገባሽ? የብሩ ማለቅ የሚያስፈራኝ ይመስልሻል? እኔ የምፈራው አንቺ ከቤት መውጣት የተውሽ ቀን ነው።»

ሰኞ ወደ ድርጅቱ ስደውል ቦታው ተይዟል። እስካሁን ያችን አርብ ሳስባት ሆዴን ይቆርጠኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ብልሃት ያበጀሁት። ሳልደውል መሄድ ተውኩ። ደመወዙ ከስንት እስከ ስንት ነው? የምሠራው የትኛው ቅርንጫፍ ነው? ሰርቪስ አለ? ፈተናውና ኢንተርቪው በአንድ ቀን ያልቃል? አንዷ ጸሐፊ «ገና ሳትቀጠሪ ስለ ደመወዝ ትጠይቂያለሽ?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እኔም 150 ብር አተረፍኩ! ሌላዋ ግን፣ ጤና ይስጣት፣ ሁሉንም ዘርዝራ ነግራኝ «ሰኞ እንዳትመጪ፣ ሥራ አስኪያጁ አይገባም» አለችኝ። ደመወዝ መጠየቅ ነውር ነው ተብለን ስላደግን አፋችን ይያዛል፤ እኔ ግን መጠየቁ ከሥራ ሲያስቀረኝ አላየሁም። መገናኛ ላይ ሁለት ጉዳይ ካለኝ በአንድ ቀን አደርጋቸዋለሁ። የመጨረሻዋን ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ደህናውን ጫማ በፌስታል ይዤ በር ላይ እቀይራለሁ። (አትሳቁ፣ ብዙዎቻችን ነን።) አሠሪዎች ሆይ፣ ይህንን የምታነቡ ከሆነ፣ ሰው ቀጥራችሁ ስትጨርሱ ለቀጠራችሁት ሥራ ፈላጊ አንድ ቴክስት ላኩለት። ለእናንተ ሳንቲም ነው፤ ለእኛ የሁለት ቀን ምሳ ነው።

ግንቦት ላይ ከቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ በሚያስኬድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ካሸር ሆኜ ገባሁ። ደመወዙ ከአየር ጤናው ብዙም አይበልጥም፤ ታክሲ ግን የለውም። የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ዕለት 150 ብር የስኳሩ ጣሳ ሥር አስቀመጥኩ። እህቴ ለቡና ስኳር ልትወስድ ጣሳውን ስታነሳ አየችው።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«የታክሲ» አልኳት።

ምንም ሳትል ተነስታ ደብተሬን አመጣች። እስክሪብቶ ፈልጋ «የእህቴ ዕዳ 6,020» የሚለውን ሰረዘችና ከሥሩ ጻፈች። ቀሪ 5,870 ብር።