የእናት ጨውና የጽንስ አንጎል

እንቅርት አንገት ላይ ስለሚወጣ ሁሉም ያውቀዋል። እንቅርትን የሚያመጣው የአዮዲን እጥረት ክፉ ጉዳት ግን ከዓይን የተሰወረ ነው፤ ገና ያልተወለደ ልጅ አንጎል ውስጥ ይደርሳል።

አንጎል የሚገነባበት የነርቭ ሴል ሲፈጠር ቅርንጫፍ የለውም። ቀስ በቀስ መልእክት የሚልክበት አንድ ረጅም ክር፣ መልእክት የሚቀበልባቸው ብዙ አጫጭር ቅርንጫፎች ያወጣል። ስፔናዊው ራሞን ኢ ካሃል እ.ኤ.አ. በ1890 በሚያድገው ክር ጫፍ ላይ አንድ ያበጠ ነገር በማይክሮስኮፕ አየ። ይህ ጫፍ ዓይነ ስውር በበትሩ መንገድ እንደሚፈልግ ከፊቱ ያለውን እየዳሰሰ ይሄዳል። ውስጡን የወጠሩት ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች በአንድ ወገን ሲገነቡ ወደዚያ ይገፋል፤ ሲፈርሱ ይሸበሸባል። በዙሪያው ያሉ ሴሎች ከሚያመነጩት ኬሚካል አንዱ ይስበዋል፣ ሌላው ያርቀዋል። ትርፍ ቅርንጫፎች ኋላ ይገረዛሉ፤ ግረዛው ልጁ ከተወለደም በኋላ ለዓመታት ይቀጥላል።

ይህን የቅርንጫፎች እድገት ከሚያዙት አንዱ፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ሴሉ ውስጥ ገብቶ ጂኖችን ያነቃል። እሱ ራሱ ግን ያለ አዮዲን አይሠራም። ሆርሞኑ በጎደላቸው አይጦች ላይ ሲታይ፣ በትንሹ አንጎል ያሉት ፑርኪንጄ የተባሉ ሴሎች ቅርንጫፋቸው አጥሮና ሳስቶ ይገኛል። የሰው ጽንስ ደግሞ በቂ ሆርሞን ለራሱ ማምረት የሚችለው ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ ነው፤ እስከዚያ የእናቱን ይካፈላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን የሚመክረው ለዚህ ነው፤ ለሌላው አዋቂ 150 ይበቃል።

እንደ ጨርጨር ባለ ተዳፋት አገር ጎርፍ አፈሩን ሲጠርግ አዮዲኑንም ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በማሽላና በድንች ብቻ መተማመን አይቻልም፤ የሚያስተማምነው አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነው። ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ከገጠመችው ጦርነት በፊት ጨው በብዛት የምታስመጣው ከዚያችው አገር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ አፋሩ አፍዴራ አዞረች። ለምግብ የሚቀርብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው። በእኔ ግምት እጅግ ዘግይቷል፤ በመካከሉ የተጸነሱ ልጆች አንጎል ደንብ አልጠበቀም።

አዮዲን በፀሐይና በእሳት ይባክናል። የጨርጨር ሸማች፣ የመሰላም ሆነ የጭሮ፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለውን ትቶ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ይግዛ፤ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃም ያስቀምጥ። ወጡም፣ የሚጠጣው ሆጃም ከእሳት ሲወርድ ጨው ይጨመርበት። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ሆዷ እስኪገፋ አትጠብቅ፤ ከዛሬው ትጀምር።