እሳቱን ለማጥፋት የፈሰሰው ውሃ

በምድጃ ላይ የጋለ ዘይት ሲቀጣጠል ውሃ መድፋት ምን እንደሚያስከትል ያየች የቤት እመቤት፣ ውሃ ሁልጊዜ የእሳት መድኃኒት አለመሆኑን መምህር ሳያሻት ታውቃለች። በባሕር ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይብሳል፤ እሳቱን የሚያጠፋው ውሃ ራሱ መርከቡን ሊያሰጥመው ይችላል።

ለዚህ ምስክሩ ቀይ ባሕራችን ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2006 አል ሰላም ቦካቺዮ 98 የተባለው መርከብ 1,400 ያህል ሰዎች አሳፍሮ ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ ግብፁ የሳፋጋ ወደብ ተነሣ። ከተሳፋሪዎቹ የሚበዙት በሰው አገር ሠርተው ወደየቤታቸው የሚመለሱ ግብፃውያን ነበሩ። በጉዞው ላይ እሳት ተነሣ። ሠራተኞቹ የሚያውቁትን አደረጉ፤ ቱቦ ዘርግተው የባሕር ውሃ ረጩበት። ይሁን እንጂ ውሃው የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች ተደፍነው ስለ ነበር ተሽከርካሪዎች በቆሙበት ወለል ላይ ተጠራቀመ። መርከቡ ወደ ጎን አዘመመ፤ ውሃውም ወደ ዘመመበት ተከተለው። በመጨረሻም በሌሊት ተገልብጦ ሰጠመ። በሕይወት የተረፉት ከ400 ያነሱ ሲሆኑ፣ በሳፋጋ ወደብ በር ላይ ዘመዶቻቸውን ሲጠባበቁ የነበሩት ሚስቶችና ወላጆች ስንቶቹ ባዶ እጃቸውን እንደ ተመለሱ አንባቢ ይገምተው።

በደቂቃ 500 ሊትር የሚረጭ አንድ ቱቦ በሰዓት 30 ቶን ያፈስሳል። በከተማ ቃጠሎ ይህ ሁሉ ወደ ቦይ ይወርዳል። በመርከብ ውስጥ ግን እንደ ልቡ የሚንሸራተት ጭነት ይሆናል። በግማሽ የተሞላ ሳፋ ተሸክሞ የተራመደ ሰው፣ ውሃው ወደ አንዱ ጠርዝ ሲሄድ ክንዱን እንዴት እንደሚጎትተው ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ1942 በኒው ዮርክ ወደብ፣ ወታደር ማመላለሻ ሊሆን ይታደስ የነበረው ታላቁ ኖርማንዲ ከብየዳ በተፈናጠረ እሳት ተቃጠለ። የከተማው እሳት አደጋ ተከላካዮች እሳቱን አሸነፉ፤ መርከቡ ግን ካፈሰሱበት ውሃ የተነሣ ሌሊቱን በጎኑ ተጋደመ። ጀግንነት አልጎደለም፤ የጎደለው የመርከብን ጠባይ ማወቅ ነበር።

ስለዚህም እንደ ስዊድንና ፊንላንድ ያሉ አገሮች ለዚሁ ሥራ የተለዩ የእሳት አደጋ ቡድኖችን አሰልጥነዋል። ከሄሊኮፕተር በገመድ ወደሚወዛወዝ መርከብ መውረድ የሥራቸው መጀመሪያ ብቻ ነው። ከዚያ የመርከቡን ንድፍ ከካፒቴኑ ጋር ይመለከታሉ፤ የሚረጩት ውሃ የት እንደሚወርድ ሳያውቁም ብዙ አያፈስሱም። የብረት ግድግዳ ሙቀትን ወደሚቀጥለው ክፍል ስለሚያሻግር፣ እሳቱን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ግድግዳዎች፣ ከላይና ከታች ያሉትን ወለሎች ጭምር ያቀዘቅዛሉ። በሞተር ክፍል የተነሣ እሳት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከታፈነ በኋላም በሩን ለመክፈት አይቸኩሉም፤ አየር ከገባ እሳቱ ዳግመኛ ይነሣልና። ለወታደር እንደዚህ ያለው መጠበቅ ከመዝመት ይከብዳል ብል ብዙዎቻችሁ የምትስማሙ ይመስለኛል።

እነዚህ ቡድኖች ከየብስ እስኪደርሱ ግን ጊዜ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1990 ከኦስሎ ወደ ዴንማርክ ይጓዝ በነበረው ስካንዲኔቪያን ስታር ላይ ከሞቱት 159 ሰዎች የሚበዙትን የገደላቸው ነበልባሉ ሳይሆን ጢሱ ነው። ከልጆቹ ጋር በመርከብ የሚሳፈር ሁሉ ሻንጣውን ከማስቀመጡ በፊት ከመኝታ ክፍሉ እስከ ደረጃው ያሉትን በሮች በእጁ እየነካ ይቁጠራቸው፤ በጢስ ውስጥ ዐይን አይረዳም።