ምሳ በልቶ ለሚያልፍ ቱሪስት ደብረ ታቦር አልጋ መሸጥ ትችላለች?

ከላሊበላ ተነስቶ በጋሸና፣ በንፋስ መውጫና በደብረ ታቦር በኩል ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰላም በነበረባቸው ዓመታት በዚህ መንገድ ያልፉ የነበሩት የአስጎብኚ ድርጅቶች ላንድክሩዘሮች ጠዋት ከላሊበላ ተነስተው ማታ ጣና ዳር ለማደር ይጣደፉ ነበር። ለደብረ ታቦር የሚደርሳት ከምሳና ከማኪያቶ ሒሳብ እምብዛም አያልፍም። ከተማዋ የምትሸጠው ዕቃ አላት፤ ገዢውም በደጇ ያልፋል። የጎደለው ገዢውን የሚያቆም ምክንያት ነው።

ይህን ምክንያት ሌሎች አገሮች ከብስክሌት ላይ አግኝተውታል።

ቀስ ብሎ የሚሄድ ደንበኛ

በፈረንሳይ የሎዋር ወንዝን ተከትሎ የሚሄደው የብስክሌት መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አብዛኛው ክፍሉ ለመኪና የተዘጋ ወይም ጥቂት መኪና ብቻ የሚያልፍበት የገጠር መንገድ ነው። በወንዙ ዳርና ዳር የነገሥታትና የመኳንንት ግንቦች ተደርድረዋል፤ የሸለቆው ዋና ክፍልም እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ገንዘቡን የሚሰበስቡት ግን ግንቦቹ ብቻ አይደሉም። በመኪና የሚጓዝ ጎብኚ በሰዓት ውስጥ የሚያልፈውን ርቀት ባለ ብስክሌቱ ቀኑን ሙሉ ይሄደዋል፤ በየመንደሩ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ሲመሽም እዚያው ያድራል።

በዚያ አገር «አኬይ ቬሎ» የሚባል መለያ ምልክት አለ፤ ትርጉሙ ብስክሌተኛን መቀበል ማለት ነው። ምልክቱን የሚፈልግ ማደሪያ ከብስክሌቱ መንገድ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ያልራቀ መሆን፣ ብስክሌት ተቆልፎ የሚያድርበት ቦታና የመጠገኛ መሣሪያ ማዘጋጀት ይጠበቅበታል። ይህን ለማሟላት ባለ ኮከብ ሆቴል መሆን ግድ አይደለም።

ለስሌት ያህል ስምንት ሰዎች ያሉበት አንድ ቡድን እንውሰድ። በመኪና ሲያልፍ ደብረ ታቦር ላይ ስምንት ሰሐን ምሳ ይገዛል። ይኸው ቡድን በደብረ ታቦርና በጣና መካከል አራት ቀንና አራት ሌሊት በብስክሌት ቢቆይ 32 የአልጋ ሌሊትና በቀን ሦስት ጊዜ ሲበላ 96 ማዕድ ይገዛል። የሰዎቹ ቁጥር አልጨመረም፤ የቀነሰው ፍጥነታቸው ነው።

ቁልቁለቱ ሀብት ነው

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሳ ብስክሌተኛ 900 ሜትር ያህል ዳገት ይጠብቀዋል፤ ከደብረ ታቦር የሚነሳው ግን ይህንኑ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ብስክሌቱም ሰውየውም በመኪና ወጥተው ጉዞው ከላይ እንዲጀመር ማድረጉ ያዋጣል። ይህ ማለት የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የሚሸጡት ደብረ ታቦር ላይ ነው። የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት አንጻራዊ ብልጫ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ወንዞቹም የሚወርዱት በዚሁ አቅጣጫ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ላይ ገብስና ድንች፣ ታች ሩዝና ሽንኩርት ይበቅላል። በአራት ቀን መንገድ ውርጭ ከሚመታው ደጋ ተነስቶ እስከ ሩዝ ማሳ የሚያደርስ ጉዞ በየትም አገር ቢቀርብ ገዢ አያጣም።

ታሪኩም ከመንኮራኩር የራቀ አይደለም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ አሠርተዋል። 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ገደል እየተናደ፣ ዳገት እየተቆረጠ መንገድ ተሠርቷል፤ ጉዞው ወራት ፈጅቷል። በዚህ ደጋ ለመንኮራኩር ተብሎ የተጠረገው ያ መንገድ ጋፋት ላይ ቆሞ ለሚተርክ አስጎብኚ በቂ ዕቃ ነው።

ወደ ደቡብ ሲኬድ ደግሞ ደቡብ ጎንደርን ከምሥራቅ ጎጃም የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ አለ። በአፄ ፋሲል ዘመን በዓባይ ላይ እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰብሮ ሕዝቡ ለረጅም ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖሯል። በ1994 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ ባቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ቢጠገንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላም በአካባቢው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቷል። መኪና ያልደረሰበት መሻገሪያ ለሁለት ክፍለ ሀገር ገበያተኛ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

መኪና የሌለበት እንጂ ሰው የሌለበት አይደለም

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው አስፋልት የከባድ መኪናና የአውቶብስ መንገድ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመችም። የሚያመቹት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ለማገናኘት የተጠረጉት የጠጠር መንገዶች ናቸው። መኪና አልፎ አልፎ ብቻ ያይባቸዋል። ሆኖም ባዶ አይደሉም፤ የጫነ አህያ፣ ከብት የሚነዳ እረኛ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ዳር እስከ ዳር የሚሞላ ሰው አለ። ክረምት ሲገባ ጭቃው ስለማያስኬድ የሥራው ወቅት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ከተማዋ ስሟን የምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ስለሚውል ለብስክሌት ገበያ አይደርስም።

ኢትዮጵያን በብስክሌት ያቋረጡ የውጭ አገር ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ ሕፃናት ድንጋይ መወርወራቸው ነው። ከካይሮ ኬፕታውን የሚደርሰውና እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ዓመታዊ የብስክሌት ጉዞ ለብዙ ዓመታት ከጎንደር ባሕር ዳር በፎገራ ሜዳ በኩል ሲያልፍ ይህን ችግር ቀምሷል። ነገሩን በፖሊስ ብቻ መፍታት አይቻልም። በመንደሩ የሚያልፍ እንጂ ለመንደሩ የማይተርፍ እንግዳ ለልጆቹ መጫወቻ ነው፤ እናታቸው ዳቦ የሸጠችለት፣ አባታቸው አልጋ ያከራየው እንግዳ ግን የቤት ሰው ነው።

ለዚህ ከቅርብ የሚታይ ምሳሌ አለ። በሰሜን ወሎ መቄት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ተስፋ» በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም አሠራር ገበሬዎች የራሳቸውን ጎጆ ማደሪያ ሠርተው በእግር የሚጓዙ ጎብኚዎችን ከመንደር ወደ መንደር ሲቀባበሉ፣ ጓዛቸውንም በአህያ ሲያጓጉዙ ቆይተዋል። በፎገራ ወረዳም በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው የአውራምባ ማኅበረሰብ እንግዳ ተቀብሎ የሽመና ውጤቱን ይሸጣል። ከደብረ ታቦር ለሚወርድ ብስክሌተኛ አውራምባ በመንገዱ ላይ ያለች ማደሪያ ናት።

ስንት ያስወጣል?

ትልቁ ወጪ መንገድ ሊሆን ይችል ነበር፤ እሱ ግን ተሠርቷል። የሚቀረው ብስክሌት፣ መለዋወጫ፣ የአቅጣጫ ምልክት፣ ንጹሕ አልጋና የሠለጠነ አስጎብኚ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለውጭ ጎብኚ አልጋውና ምግቡ ረክሷል፤ ለአከራዩ ግን ከውጭ የሚመጣው ጎማ፣ ከመነዳሪና ሰንሰለት ተወድዷል። ስለዚህ ጥሩ ጎሚስታና ጠጋኝ ያለው አከራይ አዲስ ብስክሌት ከሚደረድረው የተሻለ ያተርፋል።

የመጀመሪያው ገዢ ደግሞ የውጭ ሰው መሆን የለበትም። ባሕር ዳር ከድሮ ጀምሮ የብስክሌት ከተማ ናት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። ቅዳሜና እሑድ ከከተማው ወጣ ማለት የሚሻ ወጣት ሠራተኛ በውጭ ምንዛሪ ባይከፍልም ዓመቱን ሙሉ ደንበኛ ነው።

ቅድሚያ ሰላም

ይህ ሁሉ ሒሳብ በአንድ ትልቅ «ከሆነ» ላይ የተንጠለጠለ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ተተኩሶ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሳው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ መንገዶች ተዘግተዋል፤ ጎብኚም ጠፍቷል። በመኪና ለማለፍ የሚያሰጋ መንገድ በብስክሌት አይኬድም። ሰላም ለሌሎች ሸቀጦች የገበያ ሁኔታ ሲሆን ለዚህኛው ግን ራሱ ሸቀጡ ነው።

እስከዚያው ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። የትኛው የቀበሌ መንገድ በበጋ እንደሚያስኬድ መመዝገብ፣ በየ30 እና 40 ኪሎ ሜትሩ እንግዳ ማሳደር የሚችል ቤት መለየት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገቢው በአስጎብኚው፣ በማደሪያው ባለቤትና በቀበሌው መካከል እንዴት እንደሚከፈል አስቀድሞ መስማማት ይቻላል። ይህ ሳይደረግ ገበያው ቢከፈት ከአዲስ አበባ ብስክሌቱን፣ ድንኳኑንና ስንቁን ጭኖ የሚመጣ ድርጅት ቁልቁለቱን በነፃ ይጠቀምበታል፤ ለመንደሩ የሚተርፈው አቧራው ይሆናል።