የፊት ጎማን ማስፋት፦ የሞተር ብስክሌት መሪና የደጋው ጭቃ



የዛሬው ጉዳይ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ መንገዶች በክረምት ሞተር የሚነዱ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች የሚያነሡት ነው፤ የፊቱ ጎማ ቢሰፋ ጭቃውን የተሻለ ይይዛልን? በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች የፊቱ ጎማ 2.75-17፣ የኋላው 3.00-17 ነው። ሁለቱም ቸርኬዎች 17 ኢንች በመሆናቸው ጎሚስታው የኋላውን ጎማ ከፊት ሊገጥመው ይችላል። የሚያታልለውም ይህ ቅለት ነው።

ሰፊ ጎማ ሰፊ መሬት ይነካል ይባላል። ጠንካራ መሬት ላይ ግን የሚነካውን ስፋት በዋናነት የሚወስኑት የተሸከመው ክብደትና የነፋሱ ግፊት ናቸው። የፊቱ ጎማ 80 ኪሎግራም ቢሸከምና በ25 ፒ.ኤስ.አይ. ቢነፋ፣ የሚነካው መሬት 46 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ግፊቱን ሳንቀንስ ጎማውን ብናሰፋው ቁጥሩ እምብዛም አይለወጥም፤ ቅርጹ ብቻ ርዝመቱ አጥሮ ወደ ጎን ይሰፋል። ለስላሳ አሸዋ ላይ ስፋት በእርግጥ ይጠቅማል፤ ጎማው እንዳይሰምጥ ይረዳልና። ከዝናብ በኋላ በተጠቀጠቀ መንገድ ላይ የሚገኘው ስስ ጭቃ ግን ሌላ ነው። ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ሲያገኝ፣ ሰፊው ከላይ ይንሸራተታል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የዋልካ አፈር ነው። አዲሱ ጎማ በሬዲየስ 6 ሚሊሜትር፣ በግራና በቀኝ ደግሞ 3፣ 3 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ቀድሞውንም ጠባብ ነው። ዋልካ ደግሞ ተጣብቆ፣ ጭድና ጠጠር ሰብስቦ በዚያ ክፍተት ይጠቀጠቃል። የኋላ ጎማ ቢያዝ ሞተሩ ይንሸራተታል፤ ነጂው ሊያድነው ይችላል። የፊቱ ከተያዘ ግን መሪው መሪ መሆኑ ይቀራል፤ ወደ ጃማ ሸለቆ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ክሩዘር የሚባሉትን ግዙፍ ሞተሮች በፎቶግራፍ አይቶ የሚከራከረኝ ተማሪ አይጠፋም። የ2018 እ.ኤ.አ. የሃርሊ-ዴቪድሰን ፋት ቦይ የፊት ጎማ 160 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ እውነት ነው። ሆኖም ፋብሪካው ቸርኬውንም፣ ሹካውንም፣ ፓራፋንጎውንም አብሮ ለዚያ ጎማ ነድፏል። በዚያም ላይ ሰፊ የፊት ጎማ በመታጠፊያ ላይ ሲያጋድል መሬት የሚነካበት ነጥብ ከመሐል ስለሚርቅ መሪውን ያከብደዋል። የፍጥነት መለኪያውም ከፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ 2 በመቶ ያህል አሳንሶ ያሳያል፤ ይህ ግን አያሳስበኝም።

የግድ የሚለውጥ ሰው በቅድሚያ የፊት ሹካውን እስከ መጨረሻው አስጨንቆ ክፍተቱን ይለካ። የኋላ ጎማ ከፊት ሲገጠም፣ አምራቹ ለፊት የተለየ ምልክት ካላተመበት፣ የአቅጣጫ ቀስቱ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይገጠማል፤ ከፊት የሚሠራው የፍሬን ኃይል ነውና። ለማይለውጠው ደግሞ ግፊቱን ከ25 ወደ 20 ማውረድ የሚነካውን መሬት በሩብ ያህል ይጨምራል። ድንጋያማ መንገድ ላይ ግን ቸርኬው ሊጎዳ ስለሚችል በዝግታ መንዳት፣ አስፋልት ሲደርስም መልሶ ማስነፋት ያስፈልጋል።