የዶከር ሶኬት ፕሮክሲ

ዶከር ኮንቴይነሮችን፣ ማለትም መተግበሪያዎች ተለይተው የሚሠሩባቸውን ሳጥኖች፣ የሚያስተዳድረው ከጀርባ ሆኖ ሳያቋርጥ በሚሠራ አንድ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ ትእዛዝ የሚቀበለው ዶከር.ሶክ በምትባል የሶኬት ፋይል በኩል ነው። ኮንቴይነር ማስነሣት፣ ማቆም፣ መሰረዝ፣ መዘርዘር ሁሉም በዚህችው በር ያልፋል። በሩ የሥልጣን ደረጃ አያውቅም፤ ፋይሉን መክፈት የቻለ ሁሉን ያዛል። የሰርቨሩን ሙሉ ዲስክ ውስጡ ያስገባ አዲስ ኮንቴይነር ማስነሣትም ይችላል፤ ያ ደግሞ የሰርቨሩ ሩት፣ ማለትም ሁሉን የሚያዝ ተጠቃሚ፣ ከመሆን አይለይም።

የክትትል መተግበሪያዎች ይህን በር ይፈልጉታል። ከእነዚህ አንዱ አፕታይም ኩማ ነው። በራስ ሰርቨር ላይ ይተከላል፤ ድረ ገጾችና አገልግሎቶች መሥራታቸውን በየጊዜው እየፈተሸ ሲቋረጡ መልእክት ይልካል። የኮንቴይነሮችን ሁኔታ ለማወቅ ግን ዶከርን መጠየቅ አለበት፤ የተለመደው አቋራጭም የሶኬቱን ፋይል በቀጥታ ወደ ኩማ ኮንቴይነር ማስገባት ነው። በዚህ ጊዜ «እየሠራ ነው ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ የተቀመጠው መተግበሪያ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ይይዛል። አንድ ቀን የደኅንነት ክፍተት ቢገኝበት፣ ሰርጎ ገቡ የሚያገኘው ኩማን ብቻ ሳይሆን ሰርቨሩን ነው።

ብዙዎች ፋይሉን «ለንባብ ብቻ» ብለው ካስገቡ የተጠበቁ ይመስላቸዋል። አልተጠበቁም። ክልከላው የፋይሉን ባለቤትነትና ፈቃድ ከመለወጥ ያግዳል እንጂ በሶኬቱ የሚያልፈውን ትእዛዝ አይነካም፤ «ሰርዝ» የሚለው መልእክት እንደ ወትሮው ይደርሳል።

ትክክለኛው መፍትሔ በመካከል ዘበኛ ማቆም ነው። በስፋት የሚታወቀው ቴክናቲቫ የተባለ ኩባንያ ያዘጋጀው፣ ኤችኤፕሮክሲ በተባለ ፕሮግራም ላይ የተገነባው የዶከር ሶኬት ፕሮክሲ ነው። እርሱም ትንሽ ኮንቴይነር ነው፤ ሶኬቱ የሚገባው ወደ እርሱ ብቻ ነው። ጥያቄዎችን በፖርት 2375 ይቀበላል፣ የተጠየቀውን ክፍልና የጥያቄውን ዓይነት ይመረምራል፣ ያልተፈቀደውን «ተከልክሏል» በሚለው ኮድ 403 ይመልሳል። ፈቃዱ በ0 እና በ1 ይሰጣል። ለኩማ «ኮንቴይነርስ» የሚለውን 1 ማድረግ ይበቃል፤ ለውጥ የሚያመጡ ትእዛዞችን የሚከፍተው «ፖስት» ከመነሻው 0 ስለሆነ እንዳለ ይተዋል። ኩማ ውስጥ ደግሞ በሶኬቱ ፋይል ፈንታ የፕሮክሲው ስምና ፖርት 2375 ይሞላል። ከኩማ በኩል የማቆሚያ ትእዛዝ ልኮ 403 መመለሱን ማየት ሊታለፍ የማይገባ ፈተና ነው።

ፖርት 2375 የይለፍ ቃልም ሆነ ምስጠራ የለውም። ስለዚህ ኩማና ፕሮክሲው ለብቻቸው በተዘጋጀ የውስጥ ኔትወርክ ይገናኛሉ፤ ፖርቱ ወደ ውጭ ፈጽሞ አይከፈትም። በፋየርዎል መተማመንም ያሳስታል፤ ዶከር ለሚከፍታቸው ፖርቶች የራሱን ደንብ ስለሚጽፍ ዩኤፍደብልዩ በተባለው ፋየርዎል የተዘጋ የመሰለው በር ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ክትትሉ ከሌላ ሰርቨር የሚካሄድ ከሆነ ግንኙነቱ በዋየርጋርድ ወይም በሌላ የተመሰጠረ መስመር ውስጥ ያልፋል።

ማንበብ ብቻ መፍቀድም ቢሆን ሚስጥር ያወጣል። ዶከር ስለ አንድ ኮንቴይነር ዝርዝር ሲጠየቅ የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎቹን (ሲነሣ የሚሰጡትን ቅንብሮች) አብሮ ይመልሳል፤ የዳታቤዝ ይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በዚሁ ፈቃድ የኮንቴይነሩን መዝገቦችና በውስጡ ያሉ ፋይሎችንም መቅዳት ይቻላል። ይህን ለማጥበብ የሚፈቀዱትን አድራሻዎች አንድ በአንድ የሚያስጽፉ ሌሎች ፕሮክሲዎች አሉ፤ በእነርሱ የፋይል መቅጃው መንገድ ይዘጋል፣ የቫሪያብሎቹ ዝርዝር ግን ኩማ ከሚፈልገው መልስ ጋር አብሮ መምጣቱ አይቀርም።